ሽታዬ እሺ ካላለች

የዘውገ አባት በሕይወት ሳሉ ልጃቸውን ሲመክሩ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይሉ ነበር፤ «ልጄ፣ የሰው የሆነውን ሳትጠይቅ አትንካ፤ ጠይቀህ ከከለከሉህም አትቆጣ።» ዘውገ ይህን ይዞ አደገ፣ ይህን ይዞ ሸማኔ ሆነ፣ ይህን ይዞ አረጀ። ትምህርቱ ዳዊት ከመድገም አላለፈም። የቀረውን የተማረው ከሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየላከ ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው አንድ ቀን አንዲት ትንሽ ነገር ፈለገ። ለራሱ አይደለም፤ ለልጁ ነው።

ልጁ ትርንጎ ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች። እሑድ እሑድ እመቤቷ ስትለቃት ትደውላለች። በዚያ እሑድም ደወለች።

«አባዬ፣ እማዬን አገናኘኝ።»

«ጠበል ናት አልኩሽ እኮ።»

«እስካሁን ጠበል? ወንዙን ልትጨርሰው ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ብዙም አልሄደም። «እሺ፣ ፎቶዋን ላክልኝ። የትኛውንም ቢሆን። እውነቴን ነው አባዬ፣ መልኳ እየጠፋብኝ ነው። ሳስባት ነጠላዋ ይመጣል፣ እጇ ይመጣል፣ ፊቷ አይመጣም።»

«እልክልሻለሁ» አለ ዘውገ።

እናቷ ሽታዬ ግን ጠበል አልነበረችም። መስከረም ላይ ታመመች፣ ጥቅምት ላይ ተቀበረች። በቀብሯ ዕለት ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ «ለልጅቷ በስልክ እንዳይነገራት» አለ። የአገሩ ወግ ነው፤ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው በማለዳ ይሄዳል፣ አጠገቧ ይቀመጣል፣ ግራና ቀኝ ይይዛታል፣ ከዚያ ይነግራታል። ቤሩት ግን የሚሄድ ዘመድ የለም። ስለዚህ ዝም ተባለ። ዝምታው ሰነበተና ጠበል ሆነ።

ቤት ውስጥ ደግሞ የሽታዬ ፎቶ የለም። የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ የነበረውን፣ መቀነቷ ውስጥ ስትቋጥረው ላብ በልቶታል፤ ከፎቶው የቀረው የነጠላዋ ጥለት ብቻ ነው። በዓለም ላይ አንድ ፎቶ አላት፤ እሱም አዲስ አበባ ሙዚየም ነው ያለው። ድሮ የሸማ ሥራ ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎች ከአዲስ አበባ መጥተው ነበር፤ የዘውገን አሮጌ መወርወሪያ፣ የሽታዬን እንዝርት ወሰዱ፤ አብሯቸው የነበረው ፎቶ አንሺ ደግሞ ስትፈትል አነሣት። ዘውገ ያቺን ፎቶ ሊያመጣ አውቶቡስ ተሳፈረ።

ሙዚየሙ ገባ። ሽታዬ ግድግዳው ላይ አለች። እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ልትለቀው ስትል ነው የተያዘችው። አፏን በነጠላዋ ሳትሸፍን ስቃለች፤ የተሸረፈችው ጥርሷ ትታያለች። ዘውገ ግድግዳውን ተደግፎ «ሰላም ለኪ» አደረሰ፤ ሌላ የሚለው ጠፋው። ከዚያ ስልኩን አወጣ። ካወጣም በኋላ፣ ያው እሱ ስለሆነ፣ ዞር ብሎ ዘበኛውን ጠየቀ።

«ወንድሜ፣ ይቺን ባነሣት ምን ይመስልሃል?»

«አይ አባት!» አለ ዘበኛው ራሱን እየያዘ። «ምን አስጠየቀዎት? ዝም ብለው ቢያነሡ እኔም ወደ መስኮቱ እዞር ነበር። አሁን ጠየቁኝ። ከጠየቁኝ ክልክል ነው።»

«ሚስቴ ናት እኮ።»

«ግድግዳው ደግሞ የመንግሥት ነው። ላይ ቤት ፎቶ ክፍል አለ፤ እነሱ ይዘዙኝ።»

ትርንጎ ፎቶ ፈለገች። ዘበኛው አያስነሣም፣ ፎቶ ክፍሉ ካላዘዘ።

ዘውገ ደረጃውን ወጣ። የፎቶ ክፍሏ ልጅ ደግ ናት፤ ወንበር ሰጠችው፣ ኮምፒውተሯን ነካካችና ሽታዬን አወጣችለት። እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ እጁ በሚደርስበት!

«ለምን ፈለጉት አባቴ?»

«ለልጄ ልልከው። ቤሩት ነው ያለችው። በቴሌግራም ነው የሚልኩት አሉ።»

የልጅቷ እጅ ቆመ። «እንግዲያው ኦንላይን ነው የሚሉት። ለመጽሐፍ ቢሆን ሌላ ነው። ወረቀት የት እንዳለ ይታወቃል፤ ስልክ ላይ የወጣ ግን ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም፣ ተመለስ ቢሉት አይመለስም። ሕግ ክፍል ካልፈቀደ እኔ ብሰጥዎት ከሥራ እባረራለሁ።»

«አትባረሪብኝ» አለ ዘውገ። ተነሣ።

ትርንጎ ፎቶ ፈለገች። ዘበኛው አያስነሣም፣ ፎቶ ክፍሉ ካላዘዘ። ፎቶ ክፍሉ አያዝም፣ ሕግ ክፍሉ ካልፈቀደ።

ሕግ ክፍሉ በሌላ ቀን ነው የተገኘው። ሰውዬው ወፍራም ፋይል ገለጠ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ።

«ይኸውልዎት። የፎቶ አንሺው ውል ‹ለመጽሐፍና ለዐውደ ርእይ› ይላል። ስለ ኢንተርኔት አንዲት ቃል የለውም። ሲዋዋሉ እኮ ይሄ ሁሉ ስልክ አልነበረም።»

«ይከለክላል?»

«አይከለክልም።»

«ካልከለከለማ ፈቀደ ማለት አይደለም?»

ሰውዬው ሳቀ። «አባቴ፣ ነገሩ እንደሱ ቢሆን እኔ እዚህ ወንበር ላይ ምን እሠራለሁ? ፎቶ አንሺው ይስማማ። ከዚያ ይምጡ።»

ማታ ሲመለስ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠው ሰውዬ «ምን ሆነው ነው የሚያጉተመትሙት? ጸሎት ነው?» አለው።

«ጸሎት አይደለም፤ እንዳልረሳው ነው» አለ ዘውገ። «ልጄ ፎቶ ፈለገች። ዘበኛው አያስነሣም፣ ፎቶ ክፍሉ ካላዘዘ። ፎቶ ክፍሉ አያዝም፣ ሕግ ክፍሉ ካልፈቀደ። ሕግ ክፍሉ አይፈቅድም፣ ፎቶ አንሺው ካልተስማማ።»

«ይሄማ የልጆች ተረት ነው!» አለ ሰውዬው። «መጨረሻው ምንድን ነው?»

«አልደረስኩበትም።»

ፎቶ አንሺውን አቶ ስንሻውን አፈላልጎ ቤቱ አገኘው። አርጅቷል። ያበጠ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ፀሐይ ይሞቃል። የሽታዬን ነገር ሲሰማ ፊቱ በራ።

«አስታውሳታለሁ እንጂ! ‹ከሳቅሁ አታንሣኝ፣ ጥርሴ ያስጠላል› አለችኝ። እኔም እሺ ብዬ ጠበቅሁ። አንተ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆነህ የሆነ ነገር ጣል አደረግህ። ያን ጊዜ ሳቀች፤ እኔም ቀጭ አደረግኋት። ምን ነበር ያልካት?»

ዘውገ ማሰብ ጀመረ። አሰበ፣ አሰበ። ምንም አልመጣለትም። ሚስቱን ያሳቀበትን ቃል የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዷ አፈር ገባች፣ አንዱ ረሳ።

«እንጃ» አለ። አቀረቀረ።

«ተወው፣ ተወው። ፎቶውን በተመለከተ ግን ወንድሜ፣ ስማኝ። አንድ ጊዜ ያነሣሁትን ገበሬ ማን እንደሰጣቸው ሳላውቅ የሳሙና ማስታወቂያ ላይ አወጡት። ሰውዬው ከአገሩ ድረስ መጥቶ ደጄ ላይ ተቀመጠ። አልሰደበኝ፣ አልመታኝ፣ እንዲያው ዝም ብሎ እያየኝ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ምያለሁ። ያንን ሥራ ያሠራኝ ድርጅት አለ፤ እሱ ካልለቀቀ እኔ አልስማማም።»

ትርንጎ ፎቶ ፈለገች። ዘበኛው አያስነሣም፣ ፎቶ ክፍሉ ካላዘዘ። ፎቶ ክፍሉ አያዝም፣ ሕግ ክፍሉ ካልፈቀደ። ሕግ ክፍሉ አይፈቅድም፣ ፎቶ አንሺው ካልተስማማ። ፎቶ አንሺው አይስማማም፣ ድርጅቱ ካልለቀቀ።

በመካከሉ እሑድ መጣ። ትርንጎ ደወለች። ዘውገ ስልኩ ሲጮህ እያየው ተቀመጠ። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ። ያን ቀን ሸማ አልሠራም፤ እሑድ ነውና። ሰኞም ግን አልሠራም።

ድርጅቱ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት አለው፣ ዘውገ ግን ስለፈራው በእግሩ ወጣ። የተቀበለችው ወይዘሮ ጨዋ ናት። ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«እኛ እንለቃለን» አለች።

ዘውገ ብድግ ብሎ እጅ ሊነሣ ሲል «አንድ ነገር ብቻ» አለች። «የሰው ፊት በኢንተርኔት ሲወጣ ያ ሰው ራሱ እሺ ማለት አለበት። ደንባችን ነው፤ ብዙ ድሃ ሳይጠየቅ ፊቱ ተሸጧል። በፎቶው ላይ ያሉት እናት እሺ ይበሉ። መፈረም ባይችሉ በድምፃቸው ይሁን፤ ስልክ ላይ ቀድተው ቢያመጡልኝ ይበቃኛል። ባለቤትዎ አይደሉ? ቀላል ነው።»

ዘውገ አፉን ከፈተ። ለልጁ «ጠበል ናት» ሲል የከረመ አፍ፣ አሁን «ሞታለች» በል ቢሉት እንቢ አለ። ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ።

ሲነጋ ጎረቤቱ እማማ ባፈና መጡ። ከሽታዬ ጋር አብረው ያረጁ፣ አንደበታቸው የማያርፍ ሴት ናቸው።

«አንተ ሰው፣ ሥራህን ትተህ የት የት ነው የምትዞረው? አግብተህ ነው?»

«እማማ፣ ትርንጎ ፎቶ ፈለገች። ዘበኛው አያስነሣም፣ ፎቶ ክፍሉ ካላዘዘ። ፎቶ ክፍሉ አያዝም፣ ሕግ ክፍሉ ካልፈቀደ። ሕግ ክፍሉ አይፈቅድም፣ ፎቶ አንሺው ካልተስማማ። ፎቶ አንሺው አይስማማም፣ ድርጅቱ ካልለቀቀ። ድርጅቱ አይለቅም፣ ሽታዬ እሺ ካላለች። ሽታዬ እሺ አትልም፣ ከአፈር በታች ናት።»

እማማ ባፈና አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ከዚያ ጠጋ አሉ።

«ድምፅ ብቻ ነው የፈለጉት?»

«ድምፅ ብቻ።»

«እና ምን ቸገረህ? አምጣው ስልኩን። ‹እኔ ሽታዬ ነኝ፣ እሺ ብያለሁ› እላለሁ። አዲስ አበባ ማን ያውቀኛል? ድምፄም እንደሆነ ከእሷ አይከፋም።»

ዘውገ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። እማማ ባፈና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዘውገ መቅጃውን ሊጫን አውራ ጣቱን አቀረበ፤ መልሶ ኪሱ ከተተው።

«አልችልም እማማ። በሕይወት እያለች በእሷ አፍ ተናግሬ አላውቅም።»

«ጠበል ልከሃት የለም እንዴ? እሱን ማን ተናገረው?»

እማማም አጥብቀው አልጠየቁትም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ።

በማግሥቱ ተመልሶ ፎቁን ወጣ። ከበሩ ላይ እንደቆመ፣ ሳይቀመጥ «ሞታለች» አለ። «ባለፈው ሳልነግርሽ የሄድኩት ለዚህ ነው። በእሷ ፈንታ እኔ እሺ ልበል። ልጅ ሆና አግብታኝ፣ እዚያው ቤት ነው የሞተችው።»

ወይዘሮዋ ተነሥታ «ነፍስ ይማር» አለች። ድምፅዋንም ዝቅ አድርጋ «አባቴ፣ የሟች ወራሽ ልጅ ነው። በሕጉ ባል ወራሽ አይደለም። ልጅ አላቸው?» አለችው።

«አንዲት።»

«እንግዲያው እሷ ትበል። ስሟን ጠርታ፣ ‹የሟች ልጅ ነኝ› ብላ።»

ያን ቀን ዘውገ ቤቱ አልገባም። ከአውቶቡስ ወርዶ በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ሄደ፤ ከቅጥሩ ሥር ሽታዬ የተቀበረችበት ቦታ ተቀመጠ። እንዲህ ብሎ ጸለየ፤

«ጌታዬ፣ መናገር አልችልበትምና እንደመጣልኝ ልንገርህ። ትርንጎ ፎቶ ፈለገች። ዘበኛው አያስነሣም፣ ፎቶ ክፍሉ ካላዘዘ። ፎቶ ክፍሉ አያዝም፣ ሕግ ክፍሉ ካልፈቀደ። ሕግ ክፍሉ አይፈቅድም፣ ፎቶ አንሺው ካልተስማማ። ፎቶ አንሺው አይስማማም፣ ድርጅቱ ካልለቀቀ። ድርጅቱ አይለቅም፣ ሽታዬ እሺ ካላለች። ሽታዬ እሺ አትልም፣ ከአፈር በታች ናት። በሽታዬ ፈንታ ትርንጎ እሺ ትበል። ትርንጎ እሺ አትልም፣ መርዶ ካልሰማች። መርዶዋን የያዝኩት እኔ ነኝ። ዞሬ ዞሬ ራሴ ላይ ደረስኩ ጌታዬ። እሷ እናቷን አሳየኝ አለችኝ እንጂ ቅበርልኝ አላለችኝም። ፎቶውን የፈለግሁት እንዲያጽናናት አይደለም፤ አንተ ታውቃለህ፤ ዝም እንዲያሰኛት ነው። አሁን ምን ላድርግ?»

ሰማይ አልመለሰለትም። አፈሩም አልመለሰለትም። የሰሙት ከኋላው የቆሙት የደብሩ ቄስ፣ መምሬ አሰግድ ናቸው።

«ዘውገ» አሉት።

«አቤት አባቴ።»

«ዘበኛው ጋ ሄድህ፣ ቢሮው ጋ ሄድህ። መርዶውን አገር ምድሩ ሁሉ ሰማ፤ የቀረችው ባለ መርዶዋ ብቻ ናት። ይህ ምን ይባላል?»

«የሚሄድላት ሰው ስለሌለ ነው አባቴ።»

«ፈለግህ?»

ዘውገ ሙዚየምና ፎቅ ሲፈልግ ሰነበተ እንጂ፣ ለልጁ ሰው አልፈለገም።

መምሬ አሰግድ በዚያው ምሽት ወዲያና ወዲህ ደወሉ። ቤሩት የሚኖሩት ሴቶች እሑድ እሑድ የሚሰበሰቡበት ቤተ ክርስቲያን አለ። ከነሱ አንዷ፣ ዘውገም መምሬም ዓይተዋት የማያውቁ ሴት፣ «አድራሻዋን ስጡን፤ እሑድ በማለዳ ሦስት አራት ሆነን እንሄዳለን» አለች። ወይዘሮዋ የጠየቀችውንም ቃል ነገሯት፤ «ከበረታች ብቻ አስቀጂያት፤ ካልበረታች ፎቶው ይቅር» አሏት።

እሑድ ዘውገ ከቅዳሴ ተመልሶ ስልኩን በመደቡ ላይ አስቀመጠ፤ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። እህል አልቀመሰም። እማማ ባፈና መጡና አጠገቡ ቁጭ አሉ፤ እሳቸውም እንኳ ያን ቀን አልተናገሩም። ፀሐይ ዞረች። ከሰዓት በኋላ ስልኩ አንድ ጊዜ ጮኸ። ጥሪ አይደለም፤ የተቀዳ ድምፅ ነው።

«እኔ ትርንጎ ዘውገ፣ የሟች ሽታዬ ልጅ፣ የእናቴ ፎቶ በስልክ እንዲላክልኝ ፈቅጃለሁ።»

በቃ። «ሟች» የምትለዋ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ፤ መልሳ ያዘችው። «አባዬ» አላለችም። ዘውገ መልሶ መላልሶ አዳመጠው፤ ምናልባት ያቺ ቃል መጨረሻው ላይ ቀርታ እንደሆነ ብሎ። አልነበረችም።

እንግዲህ ነገሩ መፈታት ጀመረ። መርዶ ነጋሪዋ ሄደች፤ ትርንጎ ሰማች። ትርንጎ ሰማች፤ በእናቷ ፈንታ እሺ አለች። እሺ ስትል ድርጅቱ ለቀቀ። ድርጅቱ ሲለቅ አቶ ስንሻው ተስማማ፤ ወረቀቱ ላይ ፈርሞም አለቀሰ። ፎቶ አንሺው ሲስማማ ሕግ ክፍሉ ፈቀደ። ሕግ ክፍሉ ሲፈቅድ ፎቶ ክፍሉ አዘዘ፤ ደጓ ልጅም ፎቶው ሥር «ጥጥ ፈታይ ሴት» ይል የነበረውን ደልዛ «ስማቸው ማን ነበር አባቴ?» አለችና ሽታዬ ብላ ጻፈች። ፎቶ ክፍሉ ሲያዝ ዘበኛው፣ ስልኩ ላይ ፎቶው ገብቶ እያለ፣ «ግድ የለም፣ አሁን ደግሞ ከግድግዳውም ያንሡ» ብሎ መብራቱን አበራለት።

ያኔ እንኳ ደስታ አልመጣም። ዘውገ የተመኛትን ነገር በኪሱ ይዞ አውቶቡስ ውስጥ ተቀመጠ፤ ከመሳፈሩ በፊት ለልጁ ልኮላታል። መልስ የለም። ሰኞ አልፎ ማክሰኞ መጣ፤ ፎቶው መድረሱን እንኳ የምትል ቃል የለችም። ሐሙስ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ፤ ድሩ ላይ አሥር ጊዜ ያህል መወርወሪያውን ወረወረና ማጉ አለቀበት። ሽታዬ ከፈተለችው የመጨረሻው ነበር። እግሩን ከመርገጫው ሳያነሣ ተቀመጠ። ልጄንም ቀበርኩ ማለት ነው አለ በልቡ። የፈለገችውን ሰጠኋት፤ እኔን ግን አልፈለገችም።

እሑድ ዞሮ ሲመጣ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ስልኩ ጮኸ። የማያውቀው ቁጥር ነው። አነሣው። መጀመሪያ የተሰማው የብዙ ሴቶች ልቅሶ ነው፤ አንዲቷ ሙሾ ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ የሚጠሩትም ስም ሽታዬ፣ ሽታዬ ይላል። ከመሃል አንድ ድምፅ ቀረበና እንዲህ አለው፤

«አባባ፣ እኔን አያውቁኝም። ዛሬ ሁላችንም ተለቀን ተሰብስበናል፤ የእናታችንን ፎቶ ትራስ ላይ አቁመን ለቅሶ ተቀምጠናል። ትርንጎ መናገር አልቻለችም፤ ግን ‹አባዬ ብቻውን እንዳያለቅስ ደውይለት› ያለችኝ እሷ ናት። ስልኩን አይዝጉት።»